የእማማ ድርሻ አደራ

ጋሪው የከተማውን የድንጋይ ድልድይ ሲያቋርጥ ከኋላ የተደራረቡት ባዶ ጆንያዎች ተንሸራተው ሊወድቁ ደረሱ። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ተጠማዛ በክርኗ ያዘቻቸው። ጆንያዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ አንዳንዱ በአሮጌ ሱሪ ቁራጭ ተጥፏል።

«ገና ሳንሞላቸው ሊጠፉብን ነው፣ ጋሼ ፈጣኑ» አለች።

«አይዞሽ፣ ባዶ ጆንያ የሚሰርቅ የለም።»

«በዚህ ዘመን?»

ጋሪ ነጂው በቅሎዋን ቸብ አደረጋት። «ፈጣኑ» የሚለውን ስም ያወጡለት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ለበቅሎዋ ፍጥነት ብለው እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ በቅሎዋም ሳታውቅ አትቀርም። በዚህ መንገድ ሠላሳ ዓመት ተመላልሷል። ጨው ጭኗል፣ ጣውላ ጭኗል፣ ሙሽራና በሽተኛ ጭኗል፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ ለጦርነቱ የተጠሩትን ልጆች አንድ በአንድ ወደ ከተማው አድርሷል። ጋሪው ባዶውን የከበደው ግን ዛሬ ነው።

አጠገቡ የተቀመጠችው የእማማ ድርሻ የመጀመሪያ ልጅ ናት። የመንደሩ ሽማግሌ ያጻፉትን ደብዳቤ አራት ጊዜ አጥፋ በጉያዋ ይዛለች። ከጽሑፉ ግርጌ ሠላሳ አንድ የጣት አሻራ አለ፤ ከእማማ ድርሻ ቤት ሌላ በመንደሩ ያለው ቤትም ያንኑ ያህል ነው። ደብዳቤው የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ባለፈው ምርት ማግስት የጦሩ ስንቅ ክፍል ከመንደሩ እህል ሲሰበስብ የወሰደው የዘር ስንዴ እንዲመለስ።

ዝናቡ ከጣለ አራት ቀን ሆኖታል። መሬቱ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነው። ዘሩ ከዐሥር ቀን በላይ ከዘገየ ስንዴው ፍሬ ሳይዝ ዝናቡ ይወጣል። ያን ጊዜ ሰው በሬውን ያርዳል፤ በሬውን ያረደ ደግሞ ልጆቹን ይዞ ይሰደዳል። ይህንን በመንደሩ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

የስንቅ ክፍሉ መጋዘን ከጦርነቱ በፊት የቆዳ መጋዘን ስለነበረ ሽታው አሁንም አልለቀቀውም። በሩ ላይ የአዋጁ ወረቀት ተለጥፎ ዝናብ አጥቦታል። ውስጥ፣ ከግድግዳው ላይ እጀታው የሚዞር ስልክ ተሰቅሏል፤ ከስልኩ ሥር ጸጉሩ የሸበተ ሃምሳ አለቃ ተቀምጦ እርሳስ በሰንጢ ይቀርጻል። ደብዳቤውን ተቀብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበው።

«ዘሩ የተወሰደው ከየትኛው ቤት ነው?» አለ።

«ከእናቴ ቤት ነው፣ ጌታዬ። የመንደሩን ዘር የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። ወለሉ ሥር ካለው ጉድጓድ ነው የተወሰደው።»

ሃምሳ አለቃው እርሳሱን አስቀመጠ። «ያቺ ረጅሟ ሴት? ‹ወለሉን ገና አሁን ነው የለቀለቅሁት፣ ጫማችሁን አውልቁ› ብላ በራፍ ላይ ያቆመችን?»

«እሷ ናት» አለች ልጅቱ።

«አወለቃችሁ?» አለ ጋሪ ነጂው፣ ሳያስበው አምልጦት።

«አወለቅን እንጂ! ስምንት ወታደር ጠመንጃውን አንግቶ በካልሲ። የአንዱ ካልሲ ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቶ ነበር። እኛ ቤቱን ስንበረብር እሷ መርፌና ክር አምጥታ ‹ቁጭ በል› አለችው።» ሃምሳ አለቃው ሊስቅ ሲል ፊታቸውን አይቶ ተወው። «ደህና ናት?»

«ከሁለት ወር በፊት አረፈች።»

«ነፍስ ይማር።» ደብዳቤውን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰላት። «እመቤት፣ እውነቱን ልንገርሽ። ጉድጓዱን የከፈትኩት እኔ ራሴ ነኝ። ባዶ ነበር። የተጠረገ ነው፤ አንዲት ፍሬ አልነበረበትም። ብወስድ ኖሮ ወሰድኩ እል ነበር፤ ትእዛዝ ነበረኝ፣ ምን አስዋሸኝ?»

«ምናልባት ከእርስዎ በፊት ሌላ...»

«ከእኔ በፊት ማንም አልመጣም። አሁንም ባለኝ ብረዳሽ ደስ ባለኝ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ለሆስፒታል የሚሄድ ክክ ነው፤ ክክ ደግሞ አይበቅልም።»

ከመጋዘኑ ወጥተው ጋሪው ላይ ወጡ። ከተማው አልቆ፣ ሜዳው አልቆ፣ በቅሎዋ ዳገቱን ከጀመረች በኋላ ነው ልጅቱ አፏን የከፈተችው።

«ብረት ቀጥቃጩ ትክክል ነበር ማለት ነው።»

«ብረት ቀጥቃጩ መቼ ትክክል ሆኖ ያውቃል?»

«‹እናትሽ ሸጣዋለች› ሲለኝ፣ ወታደሮቹ ናቸው የወሰዱት እያልኩ እከራከረው ነበር። አሁን ምን ልበል? ወታደሮቹ አልወሰዱም። ጉድጓዱ ባዶ ነው። የቤቱ ቁልፍ እናቴ አንገት ላይ ነበር።» ደብዳቤውን ከጉያዋ አውጥታ መልሳ ከተተችው። «ከሞተች በኋላ ሌባ ልትባል ነው፣ ጋሼ። እኔ ደግሞ ይሄንን ዜና ይዤ ገብቼ ለሠላሳ አንድ ቤት ልነግር ነው።»

ጋሪ ነጂው ልጓሙን በእጁ ላይ ጠቀለለው። እማማ ድርሻ ሌባ? ስሙን ያወጡላት ማንኛውም ነገር ሲከፋፈል፣ ማገዶም ይሁን ሥጋ ወይም ወሬ፣ «የእገሌ ድርሻስ?» ሳትል ስለማትነሳ ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ አራት ልጆች በአንድ ጥማድ በሬ አሳድጋለች። ጠዋት ጠዋት ደጃፏ ላይ ቆማ ከየጣሪያው የሚወጣውን ጭስ ትቆጥራለች። አንዱ ጣሪያ ካልጨሰ በገል ላይ ፍም ይዛ ትሄዳለች፤ ሰው ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ የሚቀቀል የለውም ማለት ነው። ሚስቱ የሞተችበት ክረምት ፈጣኑ ከአልጋው መነሳት ሲያቅተው ያቺ ገል በየጠዋቱ በሩ ላይ ነበረች። «ላጽናናህ አልመጣሁም» ትለው ነበር፣ «እሳት ነው ያመጣሁት። አንድድና አንድ ነገር ብላ።»

ዘሩንም እንዲሁ ነበር የምትይዘው። አጨዳ ሳይጀመር በየሰው ማሳ እየገባች ምርጥ ምርጡን ዛላ በቀይ ክር ታስራለች። ክር የታሰረበትን ማንም አያጭደውም፤ እሷ ለብቻው ሰብስባ በእጇ ታሸዋለች። በሬ የረገጠው ፍሬ ውስጡ ይሰነጠቃል ብላ ከአውድማ የመጣ ዘር አትቀበልም። ከዚያ በተነፋ አመድ ለውሳ ጉድጓዷ ውስጥ ትከታለች። የዘር ቀን ሲደርስ ሁሉም ቤት ድርሻውን ከእሷ ደጃፍ ይወስዳል። እንዲህ ሲሆን ሃያ ሁለት ዓመት።

«ስትታመምስ ምንም አላለችሽም?» አላት።

«ትኩሳቱ በአንድ ቀን ነው አፏን የያዘው። ሦስት ቀን ሙሉ በዓይኗ ብቻ ስታየኝ ሰነበተች። ከዚያ በፊት ስለ ዘሩ ስንጠይቃት ‹ደህና ነው፣ አትጠይቁኝ› ነበር መልሷ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ዝናቡ ሲቃረብ ጉድጓዱን እንክፈት ተባለ። ከወታደሮቹ በኋላ መልሳ በጭቃ ለስናዋለች፤ እንደ ድንጋይ ደርቆ እንቢ አለን። በመጨረሻ በአባቴ መሮና መዶሻ ነው የፈለቀቅነው።»

ጋሪ ነጂው ልጓሙን ሳበ። በቅሎዋ መቆሙን ስለምትወደው ወዲያው ቆመች።

«በማን መሮ?»

«በአባቴ ነዋ። ግንበኛ አልነበር? ዕቃው በሙሉ አልጋዬ ሥር ነው። መሮው፣ መዶሻው፣ ቱምቢው። ምነው?»

«ሁሉም? የጎደለ የለም?»

«አንድም አልጎደለም። ምን ሆነሃል፣ ጋሼ? ፊትህ ልክ አይደለም።»

ፈጣኑ አንዲት ጠዋት ትዝ አለችው። ከአምስት ወር በፊት፣ ጎህ ሲቀድ፣ እማማ ድርሻ አንድ ትልቅ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ቤቱ መጥታ ነበር። አፉ በጭቃ ተለስኗል። «የባሌ የግንበኝነት ዕቃ ነው» አለችው። «እኔ ብሞት አማቾቼ ይጣሉበታል። አንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ። አደራ፣ ከእኔ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ፤ ማንም እንዳያውቅ።» እሱም አደራውን ተቀብሎ ከጭድ ክምሩ ሥር ቀበረው። ስትሞት ግራ ገባው። «ከእኔ እጅ በቀር» ብላዋለች፣ እጇ ደግሞ አፈር ገብቷል። ሁለት ወር አስቦበት፣ እንስራውን ሳይነካ ለመሞት ቆርጦ ነበር። የሟችን አደራ ማፍረስ ለእሱ መቃብሯን ከመቆፈር አይለይም።

አሁን ግን ዕቃው አልጋ ሥር ካለ፣ እንስራው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? እንስራውን ሲያወርድላት ከውስጡ ብረት ሲጋጭ አልሰማም። ሹክ የሚል ነገር ነው የሰማው፣ አሸዋ ሲንሸራተት የሚሰማ ዓይነት። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰበውም? ስላመናት ነዋ።

«አንቺ ልጅ» አላት በመጨረሻ፣ «አንድ ቃል ላፈርስ ነው። እናትሽ ይቅር ትበለኝ።»

ሁሉንም ነገራት። መጀመሪያ ልጅቱን የያዛት ተስፋ ሳይሆን ቁጣ ነበር።

«ለእኔ ያልነገረችኝን ላንተ? እስክትሞት ድረስ ልብሷን ሳጥብ፣ እግሯን ሳሽ...»

«እኔም ምን እንዳለበት አልነገረችኝም።»

«አደራ ግን ሰጠችህ!» ከዚያ እንደገና አሰበችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጋሼ፣ በል ንዳት።»

«ነዳኋት እኮ። ይኸው ነው የምትችለው።»

ልጅቱ ከጋሪው ወርዳ ዳገቱን በሩጫ ጀመረችው። መንደር ስትደርስ ከጋሪው የቀደመችው በብዙ ነበር።

ፈጣኑ እንስራውን ከጭዱ ሥር ሲያወጣ ልጅቱ እዚያው ሰብራ ልታይ ፈለገች። እሱ እምቢ አለ። «ሁለታችን ተደብቀን ከፍተን ዘር ብናገኝ፣ ሰርቀው ደብቀውት ነበር ነው የምንባለው። ሰው ባለበት ይከፈት። ባዶም ከሆነ ሰው ባለበት ባዶ ይሁን።»

የመንደሩ ሰው ከቀትር ጀምሮ አውድማው ላይ የጋሪውን መመለስ እየጠበቀ ነበር። ሽማግሌው ከአንድ የተገለበጠ ሞፈር ላይ ተቀምጠዋል። ጋሪው ሲቆም ሁሉም ዓይን ወደ ጆንያዎቹ ሄደ፤ ጆንያዎቹ እንደታጠፉ ናቸው።

ልጅቱ ቆማ ሃምሳ አለቃው ያለውን አንድም ሳትደብቅ ተናገረች።

«እኔ ምን አልኳችሁ?» አለ ብረት ቀጥቃጩ፣ ከኋላ በኩል። ትከሻ ሰፊ፣ አፈ ስለታም ሰው ነው፤ ከእማማ ድርሻ ጋር በውሃ መውረጃ ቦይ ተጣልተው ዐሥራ አንድ ዓመት በቅጡ ሰላምታ አልተለዋወጡም። «ሸጣዋለች! የሠላሳ አንድ ቤት ዘር! እናንተ እናታችን፣ እናታችን እያላችሁ...»

«አንተ ሰው፣ የሞተ አትሳደብ» አሉ ሽማግሌው።

«የሞተው ዘራችን ነው፣ አባባ!»

ፈጣኑ እንስራውን በሁለት እጁ ተሸክሞ መሀል አስቀመጠው። ማን እንደሰጠችው፣ ምን እንዳለችው፣ ቃሉንም ለምን እንደሚያፈርስ በአጭሩ ተናገረ። ልጅቱ ተንበርክካ ጭቃውን በድንጋይ ፈለቀቀችው። ጎንበስ ብለው ያዩት ሁሉ ያዩት ግራጫ ነገር ነው።

«አመድ!» አለ ብረት ቀጥቃጩ። «አመድ ነው ያስቀመጠችልህ!»

ልጅቱ አልሰማችውም። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ አስገባች። ስታወጣው ጡጫዋ ሙሉ ነበር። እፍ አለችበት፤ አመዱ በነነ፤ መዳፏ ላይ የቀረው ስንዴ ነው፣ ወፍራም፣ ደረቅ፣ አንድም ነቀዝ ያልነካው። አንዱን ፍሬ በጥርሷ ሰበረችው። ቀጭ ሲል የፊተኞቹ ሁሉ ሰሙት።

ማንም እልል አላለም። ፈጣኑ ዙሪያውን ሲያይ ሰዎቹ ስንዴውን ትተው መሬት መሬቱን ያያሉ፤ እርስ በርስ መተያየት ፈርተዋል።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት አንድ እግራቸውን ከቀድሞው ጦርነት ትተው የመጡት ጡረተኛው አስር አለቃ ነበሩ። «አንድ ጊዜ» ብለው በምርኩዛቸው እያነከሱ ሄዱ። ሲመለሱ የሰፈሩ ጎረምሶች ከኋላቸው አንድ ማሰሮ ተሸክመዋል።

«ባሩድ ነው ብላኝ ነበር!» አሉ፣ ድምፃቸው ከንዴት ይልቅ ከመደነቅ የመጣ ነው። «‹አስር አለቃ፣ የባሩድን ነገር የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ፣ አደራ እሳት እንዳይነካው› አለችኝ። አምስት ወር! አምስት ወር ሙሉ ቤቴ ውስጥ ፋኖስ አላበራሁም! ሲጋራዬን ወንዝ ወርጄ ነው የማጨሰው!»

ማሰሮው ተከፈተ። ከአመዱ ሥር ስንዴ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መከታተል አስቸገረ። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሮጠ። ከአልጋ ሥር፣ ከቆጥ ላይ፣ ከዶሮ ቤት፣ አንዱ ከመቃብር ቦታው አጥር ሥር፣ እንስራው፣ ማሰሮው፣ ቅሉ ይወጣ ጀመር። እያንዳንዱ ቤት የተነገረው ለየብቻ ነበር፤ እያንዳንዱም በመንደሩ የታመነው እሱ ብቻ እንደሆነ አምኖ ቆይቷል። አዋላጇ የቤተሰብ መድኃኒት ነው ተብላለች። ሽማግሌው ራሳቸው የእማማ ድርሻ አባት የጻፉት ኑዛዜ ነው ተብለው፣ ሲከብዳቸው «ብዙ ጽፈው ነው» ብለው አልፈውታል።

ወሬ ይዛ ከቤት ቤት ስለምትዞር «ጋዜጣ» የሚሏት ሴት እንስራዋን አቅፋ እያለቀሰች መጣች።

«ስለሱ የተናገረ አፉ ይጣመማል አለችኝ!» አለች። «በሕይወቴ ሳልናገር ያቆየሁት ነገር ይሄ ብቻ ነው! ስንቴ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መስታወት አይቻለሁ መሰላችሁ!»

ያን ጊዜ ነው አውድማው በሳቅ የፈረሰው። ሰዎች እየተደጋገፉ ሳቁ። አስር አለቃው ሲጋራቸውን አውጥተው፣ ማሰሮው አጠገብ፣ በክብር ለኮሱ።

ከብረት ቀጥቃጩ በቀር ሁሉም ስቋል። እሱ አልሄደም፤ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሽማግሌው አዩት። «አንተስ? ላንተ አልሰጠችህም?»

ሰውየው ምራቁን ዋጠ። ዘወር ብሎ ሄደና ከሁሉም የሚበልጥ ጋን ብቻውን ተሸክሞ መጣ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«አንተ!» አለች ጋዜጣ። «ሸጠችው እያልክ ስትጮህ አደራዋ ቤትህ ነበር?»

«ምን እንዳለበት በምን አውቃለሁ? አልነገረችኝም። ‹ስለማትወደኝ ማንም አንተ ዘንድ አይፈልግም› ነው ያለችኝ። ሌባ ናት ብዬ አምኛለሁ፣ አልዋሽም። ግን እሷ ብትሰርቅ እኔ የተቀበልኩትን አደራ ልከፍት ነው? እኔ ምን ሆኜ?» ወደ ልጅቱ ዞረና ዓይኗን ሳያይ ተናገረ። «ብዙ ብያለሁ፣ እህቴ። የቀረ ስድብ የለም።»

«እሷም ስላንተ ያላለችው አልነበረም» አለች ልጅቱ። «አፍህን ጠልታ ደጃፍህን እንዳመነች ግን ይኸው ያየሁት ነው።»

ፈጣኑ በልቡ ቆጠረ። ሠላሳ። የሚጎድለው አንድ ቤት ነው። ሌሎችም እየቆጠሩ ኖሮ፣ ሳቁ ቀስ በቀስ ሲበርድ ሁሉም ዓይን ሸማኔው ላይ አረፈ። የአምስት ልጆች አባት ነው፤ ከሲታ፣ ዝምተኛ። እግሩ አጠገብ አንድ እንስራ አለ፣ ግን አፉ በጭቃ ሳይሆን በጨርቅ ነው የተወተፈው። ጨርቁን አነሳው። እንስራው ግማሽ ነበር።

«ክር ነው ብላኝ ነበር» አለ። «የነከረችው ክር። ባለፈው፣ እህሉ ባለቀብን ጊዜ፣ ተበድሬ ልሸምንበትና በኋላ ልተካው ብዬ ከፈትኩት። ስንዴ ሆኖ አገኘሁት።»

«ከዚያስ?» አለ ብረት ቀጥቃጩ።

«ልጆቹ ሁለት ቀን አልበሉም ነበር።»

«አደራ በላ!» ብረት ቀጥቃጩ ወደ ፊት ተራመደ። «የሁላችንን ዘር! እዚህ ቆመን ወዴት እንሰደድ ስንል፣ አንተ ስንዴ መሆኑን እያወቅህ ዝም አልክ!»

«የእኔ ብቻ መሰለኝ። ለመንደሩ የማይበቃ ግማሽ እንስራ አውጥቼ ራሴን ላዋርድ? ፈራሁ።» ሸማኔው ራሱን ቀና አላደረገም። «እሷ ግን ታውቅ ነበር።»

«ማ?» አለች ልጅቱ።

«እናትሽ። በማግስቱ ነው፤ ችግራችን እንዳይታወቅ ባዶ ምድጃ አነድ ነበር፤ ያን ጠዋት ግን እሳቱ ዘግይቶብኝ ነበርና ፍም ይዛ መጣች። ስትገባ ስንዴው እሳት ላይ ተጥዶ እየፈላ ነው። ቆማ አየችው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምንም አላለችኝም። ‹ጨው አላችሁ?› ብላ ጠየቀች። የለንም አልኳት። ሄዳ ጨው አመጣች። ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብላ፣ እስኪበሉ ጠብቃ፣ ስትወጣ በር ላይ ‹ቀሪውን ዝጋው› አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ብረት ቀጥቃጩ እጁን አንስቶ ነበር፤ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጸጉሩን አከከ።

ሽማግሌው ልጅቱን አዩ። የእናቷ ቦታ ባዶ ስለነበረ ሁሉም እሷን ያያል። ልጅቱ ከሸማኔው እንስራ ፊት ተቀምጣ ስንዴውን በመዳፏ ነካችው።

«የበላው ድርሻውን ነው» አለች። «ግን ድርሻውን የበላ ሰው ምን ይዘራል? ከየእንስራችሁ አንድ አንድ እፍኝ አምጡ።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ብረት ቀጥቃጩ ጋኑ ውስጥ እጁን አስገባ። መዳፉ እንደ አካፋ ሰፊ ነውና የእሱ አንድ እፍኝ የሌላው ሦስት ነበር። ሸማኔው እንስራ ውስጥ ገለበጠው። «ምን ታዩኛላችሁ?» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «ኑ እንጂ!»

በሬዎቹ በማግስቱ ጠዋት ተጠመዱ። ሽማግሌው የእማማ ድርሻ ማሳ አስቀድሞ ይዘራ ሲሉ የተቃወመ አልነበረም። ብረት ቀጥቃጩ ማረሻዎቹን ሲስል አድሮ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሰው ሲያመሰግነው «ሂድ ሥራህን ሥራ» ይላል። ሸማኔው ባለ በሬ ስላልሆነ ከልጆቹ ጋር ጓል ይሰብራል።

ልጅቱ ዘሩን በአቁማዳ አንግታ ትበትናለች። ፈጣኑ ከኋላዋ ሌላ ዘር ተሸክሞ ይከተላል። ሦስት መስመር ያህል ሄዱ።

«አንድ ነገር ግን አልወጣልኝም» አለች ሳትዞር። «ለጋዜጣ አደራ ሰጠች። ለሚጠላት ሰው ሰጠች። እኔን ለምን አላመነችኝም?»

«ያን ጠዋት ጠይቄያት ነበር። ‹ልጅሽስ ብታውቅ ምን አለበት?› አልኳት።»

ልጅቱ ቆመች። እጇ ስንዴ እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

«‹እሷማ መዋሸት አትችልም› አለችኝ። ‹ሰው መጥቶ ቢጠይቃት አፏ ዝም ቢል እንኳ ዓይኗ ቀድሞ ዕቃው ወዳለበት ይሄዳል። እንዲህ አድርጌ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ አሁን ላርማት?› አለችኝ። ስለ መዶሻና ስለ መሮ ማን መጥቶ ሊጠይቃት ነው ብዬ ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን ነው የገባኝ።»

ልጅቱ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ አለቀሰች። ፈጣኑ ሸክሙን ሳያወርድ ጠበቃት። ባለ በሬው ከወዲያ ጫፍ ምን ሆናችሁ ብሎ ጮኸ፤ ፈጣኑ ምንም አልሆንንም ብሎ መለሰለት።

«እውነቷን ነው» አለች በመጨረሻ። «ያን ቀን ከወታደሮቹ አንዱ ‹ዘሩ የት ነው?› ብሎ ሲጠይቀኝ ዓይኔ ቀጥ ብሎ ጉድጓዱ ላይ ነው ያረፈው። ሳይከፍቱት ከቤት አስወጡኝ እንጂ፣ እኔ ነኝ ያሳየሁት።»

«ባዶውን ነዋ ያሳየሽው።»

«ባዶውን» አለችና እንደገና ሳቀች። ዘር በያዘ እጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች፤ አንዲት የስንዴ ፍሬ እርጥብ ጉንጯ ላይ ተለጥፋ ቀረች። ልጅቱ ወደ ፊት ተራምዳ መበተኗን ቀጠለች። ጋሪ ነጂው ፍሬዋን አይቷል፤ ግን አልነገራትም።